ለክቡር የማረጋገጫ ቁጥር፣ ባሉበት

ቁጥር፦ እየተጠበቀ ነው
ቀን፦ ጊዜው አልፎበታል
ጉዳዩ፦ በአማቴ ፊት ስላደረሱብኝ ውርደት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ የጸናብኝ እሑድ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ቢሾፍቱ ላይ፣ አንድ አስተናጋጅ ሒሳብ ይዞ ከአጠገቤ በቆመ ጊዜ ነው። ከላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት ለደንቡ ያህል ነው እንጂ የት እንዳሉ አላውቅም። በዚያች ሰዓት በእኔ ስልክ ውስጥ እንዳልነበሩ ግን ምስክር መቁጠር እችላለሁ። አንዱ ምስክር የሆቴሉ ዘበኛ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አማቴ ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። የዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ቢሾፍቱ ወስደን ሐይቅ እናሳያቸው ተባለ። እኛ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከከተማው ርቀን ብንጣልም አንድ ነገር ተክሰናል፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ቀናችንን እንሰዋለን፤ ቢሾፍቱ ግን የጀመርነው ወሬ ሳያልቅ እንደርሳለን። ደረስን። ሐይቁ የድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ መሆኑን ለአማቴ አስረዳሁ። «አሁንም ይፈነዳል?» አሉኝ። «አይ፣ እሱ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው» አልኩና ምግብ አዘዝን። ዓሣ፣ ጥብስ፣ ለልጆቹ ፒዛ፣ ለአማቴ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። ሒሳቡ ከ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስና ከ10 በመቶው የአገልግሎት ክፍያ ጋር ሰባት ሺህ ብርን አለፈ። አገልግሎቱ ዘበኛም እንደሚጨምር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ክፈል የሚባል ሰው ማሟላት ያለበትን ሁሉ አሟላሁ። ስልኬን በጣት አሻራዬ ከፈትኩ። የባንኩን መተግበሪያ በምስጢር ቁጥሬ ከፈትኩ። የሆቴሉን የሒሳብ ቁጥር ጻፍኩ፤ የሆቴሉ ስም መጣልኝ፤ አዎ እሱ ነው አልኩ። የገንዘቡን መጠን ጻፍኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» ተባልኩ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ያን ጊዜ ነው የእርስዎ መምጣት የታወጀው፦ «የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልክዎ ልከናል።» ከሥሩ አንዲት ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ጨረሰች። እርስዎ የሉም።

«እንደገና ይላክ» የሚለውን ነካሁ። በዚህ ጊዜ፣ ከየት መጡ ሳይባል፣ ስልኬ ጮኸና ስድስቱ አሃዞችዎ ብቅ አሉ። በደስታ ጻፍኳቸው። «የተሳሳተ ቁጥር።» ለካስ የመጡት የቀድሞው ነበሩ፤ አዲስ ይላክ ማለቴ የቀድሞውን ሽሮታል። አዲሱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። አዲሱን ስጠብቅ ጊዜው አለፈ፤ ሌላ ጠየቅሁ፤ ያለፈው ደረሰ። እንዲህ እየተላለፍን፣ እኔ በጠራሁዎ ቁጥር ያልጠራሁት ወንድምዎ እየመጣ ቆየን።

አስተናጋጁ ጨዋ ልጅ ነው። «ችግር የለውም ጋሼ፣ ኔትወርክ ነው፤ ወደ ውጭ ወጣ ቢሉ ይሻላል» አለኝ። ወጣሁ። ስልኬን ወደ ላይ ዘርግቼ በሐይቁ ዳር ወዲያና ወዲህ ስል፣ ዞር ብዬ ባይ ዘበኛው ከኋላዬ አለ። አልያዘኝም፣ አልተናገረኝም። እኔ ስራመድ ይራመዳል፤ ስቆም ሐይቁን ያያል። የዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ መሆኑን አይርሱ፤ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ እዚያው ፎቶ ትነሳ ነበር። ፎቶ አንሺው «ወንድም፣ ከጀርባ ውጣልን» አለኝ። ወጣሁ። ዘበኛውም አብሮኝ ወጣ። አንዳንዱን ፎቶ ግን ሳንወጣ በፊት አንስቶታል፤ ስለዚህ የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ አልበም ውስጥ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ አንድ ጎልማሳና አንድ ጠባቂ ለዘላለም ይኖራሉ።

ወደ ጠረጴዛው ስመለስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ «የእኔ ባትሪ ጨርሷል» አለ። የባለቤቴም ሒሳብ ያለው እዚያው ባንክ ነው፤ የእሷም ቁጥር ያው እንደ እርስዎ ነው። የሆቴሉ የካርድ ማሽን ቻርጅ አልነበረውም። አማቴ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው ልጃቸውን ጠየቁ።

«ምን ጠፋበት?»

«ቁጥር እየጠበቀ ነው እማዬ።»

«የምን ቁጥር?»

«ገንዘቡ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ቁጥር።»

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «የራሱ መሆኑን አያውቅም እንዴ?»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካለዎት በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ለመንግሥትም፣ ለባንኩም፣ ለባለሙያም ማቅረብ እፈልጋለሁ። እኔ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፤ ይልቁንም ያን ጊዜ ስልኬ ላይ ሌላ መልስ መጣ፦ «ደጋግመው የተሳሳተ ቁጥር በማስገባትዎ ለደኅንነትዎ ሲባል ሒሳብዎ ታግዷል።» ለደኅንነቴ ሲባል! ዘበኛው አንድ እርምጃ ቀረበ።

አማቴ መቀነታቸውን ፈቱ። ከመቀነቱ ውስጥ መሐረብ፣ ከመሐረቡ ቋጠሮ ውስጥ የሁለት መቶ ብር ኖቶች ወጡ። እነዚህን ኖቶች አውቃቸዋለሁ፤ በ2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር አማቴ አሮጌውን ገንዘባቸውን ባንክ አስገብተው፣ በአዲሱ የሁለት መቶ ብር ኖት መልሰው አውጥተው ቋጥረውታል። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ። ማንም «እርግጠኛ ነዎት?» አላላቸውም። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አላቸው፤ ዘበኛው ወደ በሩ ተመለሰ። ከዚያ አማቴ ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፣ ስታገኝ ትሰጠኛለህ» አሉኝ።

ስታገኝ!

መኪና ውስጥ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለቤንዚኑስ አለህ?» አሉኝ። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ እየተከፈለ ስለሆነ ለዚህም የሚሆን መልስ አልነበረኝም። በነዳጅ መለኪያው ቀይ መስመር ላይ እየጸለይኩ ቤት ገባን። የመጀመሪያውን ደረጃ ስንወጣ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። እርስዎና ወንድሞችዎ ተራ በተራ ገባችሁ፤ አንዳችሁም የማትሠሩ፣ ሁላችሁም ከሥራችሁ «ይህን ቁጥር ለማንም አያጋሩ» የሚል ማሳሰቢያ የያዛችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማሳሰቢያውን በተመለከተ ግን ላመሰግንዎ ይገባል፤ ለማንም አያጋሩ የተባለውን ከእኔ በላይ አክብረው ለእኔ ለራሴም አላጋሩኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የተሰጠዎት መንገድ ነው ያጎበጠዎት። የስልክ አጭር የጽሑፍ መልዕክት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 ነው፤ የተላከውም ቃል «መልካም ገና» ብቻ ነበር። ለመልካም ምኞት የተፈጠረ መንገድ ነው። መልዕክቱ ከላኪው ወጥቶ አንድ ማዕከል ላይ ያርፋል፤ የተቀባዩ ስልክ ካልተገኘ ማዕከሉ አስቀምጦ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። በዚህ ሰዓት ይደርሳል የሚል ቃል የሰጠ የለም። የገና ምኞት ደግሞ በማግስቱም ቢደርስ አይበላሽም። የእርስዎ ዕድሜ ግን መቆጠር የሚጀምረው ስልኬ ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ከባንኩ ማሽን ሲወጡ ነው፤ ማለትም አርጅተው ነው የሚወለዱልኝ። ይህ በእኛ ሰፈር ብቻ የታወቀ ምስጢር አይደለም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ገና እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ረቂቅ፣ የማረጋገጫ ቁጥርን በአጭር መልዕክት መላክ እየቀረ ቢሄድ ይሻላል ብሎ ነበር። እኛ ግን እስካሁን እርስዎን እንጠብቃለን።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ። ወረፋውን አልተርክልዎትም፤ አንባቢ ሁሉ ቆሞበታል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ቅጽ ተሰጠኝ፦ ሙሉ ስም፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የታገደበት ምክንያት። ለምክንያቱ የተተወችው መስመር ከአውራ ጣቴ አትረዝምም። «ሐይቅ» ብዬ ጻፍኩ። ፋይዳን ስጽፍ ግን ቆም አልኩ። ይህን ቁጥር ለማግኘት አሥሩን የእጅ ጣቶቼን፣ ሁለቱን ዓይኖቼንና ፊቴን ሰጥቻለሁ። ሀገሬ መዝግባ፣ አመሳክራ፣ ይህ ሰው አንድ ብቻ ነው ብላ 12 አሃዝ ሰጥታኛለች። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ ፊቴን እያየች፣ መታወቂያዬን በእጇ ይዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እሺ፣ አሁን ስልኩ የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮድ ይላክልዎታል።»

ተላከ አሉ። እሷ እኔን አየች፣ እኔ ስልኬን አየሁ፣ ከኋላዬ ያለው ወረፋ ሁላችንንም አየ። ከዚያ «ሲስተም ሄደ» ተባለና ከሰዓት በኋላ ተመለስ ተባልኩ።

የቆየ ቂም ማንሳት ባልወድም፣ ደብዳቤ አንዴ ከተጀመረ አይቀርምና ጥቂት ላስታውስዎ። የመብራት ቆጣሪያችን የካርድ ነው፤ የሚያልቀውም ማታ እንግዳ ሲኖር ነው። በጨለማ ውስጥ በስልክ ላስሞላ ስል እርስዎ ቀርተው ጧፍ ለኩሰን ያደርንበትን ሌሊት እዚህ አልዘረዝርም። ወዳጄ ለሥራ ዱባይ ሄዶ ሲም ካርዱን ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ትቶ ነበር፤ እሱ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ገንዘቡን ሲለምን እርስዎ ገርጂ መሳቢያ ውስጥ ሲጮኹ ሰነበቱ። ያን ጊዜ እንኳ በሰዓቱ ነበር የደረሱት። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አልናገርም። ስለ ዋይ ፋይም አልናገርም። ሰፈራችን ስላለው ኤቲኤም ደግሞ የሚነገር የለም፤ «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» የሚለው ጽሑፍ ፀሐይ አንጥታዋለች።

አንድ ነገር ግን እናገራለሁ፣ ስለ እሱም ቀልድ የለኝም።

ብሎካችን ውስጥ አንዲት ጡረተኛ እናት አሉ። ዕቁብ ደርሷቸው ገንዘቡን በባንክ አስቀመጡ፤ ልጆቻቸው ናቸው አስቀምጪ ያሏቸው፣ ቤት ሌባ ይገባል ብለው። አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ በሙሉ ስማቸው ጠራቸው። ከባንኩ ነው የምደውለው አለ፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ላስተካክልልዎ፣ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ አለ። አንተም ገባህ። ወዲያው! ሰውዬው አፉን ሳይዘጋ! ኔትወርክ ነበረ፣ ሲስተም ነበረ፣ ማዕከሉ አልዘገየም፣ ሰዓቷ አልጨረሰችም። ለማንም አያጋሩ የሚለው ማስጠንቀቂያም አብሮህ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። ሴትየዋ ዳዊት የሚደግሙ፣ በራሳቸው ፊደል የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ከመልዕክቱ ውስጥ ማንበብ የቻሉት አሃዞቹን ብቻ ነው። እነሱንም አነበቡ። በግዕዝ ፊደል ሲሆን አንድ መልዕክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፣ በላቲን 160። ይህን አውቃለሁ። ሰባ ሆሄ «ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አይንገሩ» ለማለት ይበቃል፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ይተርፋል። ባንኩ ሲሄዱ ምን ተባሉ? «እኛ አስጠንቅቀናል።» በቃ። ያ ሁሉ ወር እየቆጠቡ የጣሉት ዕቁብ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈና ተዘጋ። ለባለቤቱ ሐይቅ ዳር የምትጠፋው አንተ፣ ለሌባ ግን በጥሪው ላይ ትደርሳለህ! እኔ ማንነቴን በጣት፣ በዓይን፣ በፊት፣ በእናቴ ስም፣ በምስጢር ቁጥር አረጋግጣለሁ፤ የሚደውልልኝ ሰው ባንክ መሆኑን በምን ያረጋግጥልኛል? ለእሱ የሚላክለት ኮድ የት አለ?

አንቱታውን የት ጣልኩት? ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ልመለስበት።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ጡረታ ይውጡ ማለቴም አይደለም፤ ጡረታ ለማስከበርም ኮድ ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን የሥጋ ዘመዶች እንዳሉዎት ሰምቻለሁ። ከየትም ሳይላኩ እዚያው ስልኩ ውስጥ ራሱ የሚወለዱ፣ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡ፣ ኔትወርክ የማይጠይቁ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥሮች። ቢሾፍቱም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ሊፍት ውስጥም ይሠራሉ ይባላል። ባንኮቻችን ይህን ዘመድዎን አያውቁትም ወይስ ተጣልታችኋል? ከተጣላችሁ ሽማግሌ ልላክ፤ ሰፈራችን ውስጥ ጥሩ ጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። ይህም ካልሆነ ቢያንስ የኋለኛው ሲጠራ የፊተኛው አይሻር፤ የመጣውን ይቀበሉኝ፣ ሁለቱም የላካችኋቸው እናንተው ናችሁ። ዕድሜዎም ስልኬ ላይ ከደረሱ በኋላ ይቆጠር።

አማቴ ሐሙስ ይመለሳሉ። ሒሳቤ ስላልተከፈተ ገንዘባቸውን ገና አልመለስኩም። ትናንት ቡና ሲጠጣ «ሲከፈት በስልክ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው በአክብሮት፣ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ «አይ፣ እሱን ተወው ልጄ፤ ስትመጣ ትይዘዋለህ» አሉኝ። ስለዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ለ130 ኪሎ ሜትር ያህል የአማቴን ብር በኪሴ ተሸክሜ መሄዴ ነው፤ ነዳጁን ማን እንደሚያረጋግጥልኝ ከአሁኑ ያስቡበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ማንነቱ ያልተረጋገጠ ደንበኛዎ
ከቱሉ ዲምቱ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ባትሪው ሲሞላ
ለሆቴሉ ዘበኛ፣ እንዲያውቁት
ለማላውቃት ሙሽራ፦ እንኳን ደስ አለሽ፤ ፎቶው ላይ የምታይኝ እኔ ሌባ አይደለሁም